የገጠር ልጃገረዶች ትምህርት፦ ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪዋ በምዕራብ ጎጃም የልጃገረዶችን ክበባት ለረጅም ጊዜ ያስተባበሩ መምህርት ናቸው።

ጥያቄ፦ የልጃገረዶችን በራስ መተማመን ለማሳደግ ምን ዓይነት ሥልጠና ቢሰጥ ይሻላል?

መልስ፦ ዕድሜያቸውና የሚኖሩበት ቦታ ሳይገለጽ የምመክረው ሥልጠና የለም።

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ማኅበራችን ያዋጣው ጥቂት ገንዘብ አለ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሰው ወደ ወረዳ ከተማ ለሚመጡ ልጆች በምን መልኩ ቢውል ይጠቅማል ይላሉ?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድማችሁ በቤት ኪራይ ላይ አውሉት። ብዙዎቹ የሚያቋርጡት በትምህርታቸው ሰንፈው ሳይሆን ሦስትና አራት ሆነው የተከራዩት ክፍል ኑሮ ስለሚከብዳቸው ነው፤ በሩ በቅጡ አይዘጋም፣ ስንቁ ከሐሙስ አያልፍም፣ ዓርብ ከሰዓት ስንቅ ለማምጣት ለሰዓታት የሚጓዙበት መንገድም ያስፈራል፤ ይህን የሚሰማ ወላጅ ደግሞ ልጁ ክፉ ከሚያገኛት መዳሯን ይመርጣል። ስለዚህ ጎን ለጎን ያሉ ክፍሎችን ተከራዩላቸው፣ ጠንካራ ቁልፍ አስገቡ፣ በገበያ ቀን ስንቁን የሚያደርስ ሰው ከወላጆች ጋር ተመካክራችሁ መድቡ፤ ምሽት ላይ ብቅ እያለች የምትጠይቃቸው፣ ራሳቸው የመረጧት የከተማዋ ነዋሪ ሴትም ትኑር። ያለ ስጋት ያደረች ልጅ በማግስቱ ክፍል ውስጥ እጇን ታወጣለች። ነገር ግን ልጆቹን ሳትጠይቁ አንዱንም አትጀምሩ።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ2004 በአማራ ክልል ሞሰቦ ቀበሌ የተጀመረው፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻን የሚከላከለው «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ልጃቸውን ላልዳሩ ቤተሰቦች በግ ይሰጥ ነበር። ይህ ጉቦ አይደለም?

ሌላ አባል፦ ጉቦ ነው እንጂ። ልጁን ያልዳረ አባት ሕግ አከበረ እንጂ ውለታ አልዋለም።

ሦስተኛ አባል፦ ጥሎሽ ሲቀበል ያልተነወረ አባት በግ ሲቀበል ለምን ይነወራል?

ሌላ አባል፦ ጥሎሽ ወግ ነው፤ የጥሎሽን ነገር ከዚህ ጋር አታገናኘው።

መልስ፦ የጥሎሹን ክርክር በሌላ ጊዜ ቀጥሉት። በሞሰቦ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች የማግባት ዕድል ፕሮግራሙ ካልገባበት የንጽጽር ቀበሌ አንጻር ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ፣ ከ15 በላይ ባሉት ግን ያ ውጤት አልታየም። ኋላ በክልሉ የፕሮግራሙ ድጋፎች ተነጣጥለው ሲሞከሩ፣ ከ12 እስከ 14 ላሉት ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ የማግባት ዕድላቸውን በ94 በመቶ ቀነሰው፤ ከ15 እስከ 17 ላሉት ደግሞ ሳያገቡ በትምህርት ለቆዩበት ለእያንዳንዱ ዓመት የተሰጡት ሁለት ዶሮዎች በግማሽ ቀነሱት። ስለዚህ ስለ ጉቦነቱ ከመሟገታችሁ በፊት ስለ ስንት ዓመት ልጅ እንደምትነጋገሩ ተስማሙ።

ጥያቄ፦ ለአጭር ሥልጠና የሚሆን ርዕስ ቢጠቁሙን?

መልስ፦ መልሻለሁ። ክፍሉን ተከራዩ።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመቷ የጎረቤታችን ልጅ በሚቀጥለው ወር ልትዳር ነው። ማመልከት ይበቃል?

መልስ፦ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ማግባትን እስከ ሰባት ዓመት፣ 13 ከሞላት ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሆኖም ጥቆማው ቀድሞ ከተሰማ ሠርጉ ማኅበር ወይም ዝክር ተብሎ በስውር ይደገሳል። በቅድሚያ በምታምናት መምህርት በኩል ልጅቷን ራሷን ጠይቁ፣ የምታድርበትን ቤት አዘጋጁ፣ ከዚያም በዚያው ዕለት ለወረዳው ሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ አመልክቱ። የሠርጉን ቀን አትጠብቁ።