ካርታው በስሙ ነው ማለት ቤቱ የእሱ ብቻ ነው ማለት አይደለም

እህቴ፣ «ከተፋታን በኋላ ካርታው በስሜ ነው እያለ ደላላ እያመላለሰ ነው፣ ቤቱን ቢሸጥብኝስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ደብረ ብርሃን በዚያው ጣጣ ያለፍኩ ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ።

በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዳችሁ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የግሌ ነው የሚል ካለ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 63 እንዲህ ይላል። እኛ ጋ የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው፤ በዚህ ላይ ሐሳባቸው አንድ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ ወይም በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘው ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ለግንባታው ያወጣሽው ገንዘብ፣ የብሎኬትና የቆርቆሮ ደረሰኝ፣ የሠሩት አናጺዎች ምስክርነት ሁሉ ያስፈልግሻል።

አሁን ግን ከሁሉም በፊት እግድ አውጪ። ሽማግሌ እስኪሰበሰብ አትጠብቂ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት፣ በቃለ መሐላ የተደገፈ አቤቱታ አቅርበሽ ቤቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ በዋስትና እንዳይያዝ ትጠይቂያለሽ። ትእዛዙን ፍርድ ቤቱ ይልከዋል ብለሽ ቤትሽ አትቀመጪ፤ ራስሽ ተከታትለሽ መሬት አስተዳደር ፋይል ውስጥ መግባቱን በዓይንሽ እዪ። የምቻኮልብሽ ወድጄ አይደለም። ሰውየው አሁን ፈት ነው፣ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ አውጥቶ፣ ካርታውን ይዞ፣ ምንም ከማያውቅ ገዢ ጋር ሊዋዋል ይችላል። ከዚያ በኋላ ክርክርሽ ከሁለት ሰው ጋር ይሆናል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው፣ ፍርድ ማግኘትና ካርታ ማስተካከል ለየቅል ናቸው። የእኔ ውሳኔ «ቤቱ የጋራ ነው፣ እኩል ይካፈሉ» ይል ነበር። ይዤው መሬት አስተዳደር ስሄድ፣ ይካፈሉ ይላል እንጂ ስም ይዛወር አይልም ተባልኩ። እውነትም አይልም። ስለዚህ ፍርዱ በተግባር እንዲፈጸም ፍርድ ቤት የአፈጻጸም መዝገብ ከፈትኩ። እዚያ ነው ቤቱ የሚገመተው፤ አንዱ ቤቱን ወስዶ ለሌላው ግማሹን ይከፍላል፣ ካልተስማማችሁ በሐራጅ ተሽጦ ገንዘቡን ትካፈላላችሁ።

ግምቱ ላይ ንቂ! እኔ ላይ የቀረበው የቆየ ግምት ነበር። ፋብሪካዎቹ ከመጡ ወዲህ የዚህ ከተማ ቤት ዋጋ የት እንደደረሰ አንቺም ታውቂያለሽ። አሁን ባለው የገበያ ዋጋ በባለሙያ ይገመትልኝ ብዬ በጽሑፍ ተቃወምኩ፣ ተቀባይነትም አገኘሁ። ባልቃወም ኖሮ በግማሽ ስም የቤቱን ሩብ ይዤ እወጣ ነበር።

ሽማግሌዎቹን አታስቀይሚያቸው፣ ካስማሟችሁ እሰየው። ብቻ የተስማማችሁበት ወረቀት ፍርድ ቤት ቀርቦ ይጽደቅ፣ የካርታው ስም እንዴት እንደሚዛወርም በግልጽ ይጻፍበት። በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ብቻ ይዘሽ መሬት አስተዳደር ብትሄጂ የትም አያደርስሽም።

ዋናው ካርታ እሱ እጅ ይሁን ባንክ በመያዣነት ይያዝ አልጻፍሽም። ቦታውን እንዴት እንዳገኛችሁትም አልነገርሽንም፣ በምሪት ነው፣ በግዢ ነው ወይስ ከቤተሰቡ? እሱን ጻፊልን፣ ብድር ካለበት አካሄዱ ይለያልና።