«ሐኪሙ የፈለገውን ቢጨምርብኝስ?»፦ ስለ ሜዲጋፕና ኤክሰስ ቻርጅ ጥያቄና መልስ

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሜዲኬር ኢንሹራንስ ኤጀንት ነኝ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ የኛው አገር እናቶችና አባቶች ናቸው። ሜዲኬር በአሜሪካ በዋናነት 65 ለሞላቸው ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን ነው፤ ሜዲጋፕ ደግሞ ሜዲኬር የማይከፍለውን ቀሪ ወጪ የሚሸፍን፣ ከግል ኩባንያ የሚገዛ ተጨማሪ መድን ነው። ኤክሰስ ቻርጅ አንዳንድ ሐኪም ሜዲኬር ካጸደቀው ዋጋ በላይ የሚጨምረው ክፍያ ነው። ከሜዲጋፕ ዓይነቶች ፕላን ጂ ይህን ጭማሪ ይሸፍናል፣ ፕላን ኤን አይሸፍንም። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከአዳዲስ ኤጀንቶችና ወላጆቻቸውን ከሚያግዙ ልጆች የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ደንበኛዬ 65 ሊሞላቸው ነው። ፕላን ኤን ላስገባቸው ስል ጎረቤታቸው «ሐኪሙ የፈለገውን ይጨምርብሻል» ብላ አስፈራራቻቸውና አልፈርምም አሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ «የፈለገውን» የሚለውን ነው መጀመሪያ ማጥፋት ያለብህ። ጣሪያ አለው፤ ሜዲኬር ካጸደቀው ዋጋ በላይ ከ15 በመቶ ማለፍ አይችልም። በቃል ብቻ ከነገርካቸው አይገባቸውም፤ ወረቀት አውጣና አብራችሁ አስሉት። ከሜዲኬር ጋር የተዋዋለ (የጸደቀውን ዋጋ እንደ ሙሉ ክፍያ ለመቀበል የተስማማ) ሐኪም ዘንድ 200 ዶላር የጸደቀለት ቀጠሮ፣ ላልተዋዋለው 5 በመቶ ተቀንሶ 190 ነው የሚጸድቅለት። የ190 ዶላር 15 በመቶ 28 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። የፓርት ቢን፣ ማለትም የሐኪም ክፍያን የሚይዘውን የሜዲኬር ክፍል፣ የዓመቱን ዲዳክቲብል (ሜዲኬር መክፈል ሳይጀምር ከኪስ የሚወጣውን) ከፍለው ከጨረሱ ሜዲኬር 152 ይከፍላል፤ የቀረችውን 38 ዶላር ፕላን ኤን ይሸፍናል፣ በየቀጠሮው ከኪስ ከምትከፈለውና እስከ 20 ዶላር ከምትደርሰው ኮፔይ በቀር። እንግዲህ ጎረቤቲቱ ያስፈራራችው ነገር 28 ከ50 ናት ማለት ነው። እናትየው ቁጥሩን በዓይናቸው ሲያዩ ፊታቸው ሲፈታ ታያለህ።

ጥያቄ፦ ስንቱ ሐኪም ነው እንዲህ የሚያስከፍለው?

መልስ፦ ጥቂቱ። ከሜዲኬር ጋር ከሚሠሩት ሐኪሞች ከመቶ ዘጠና ስምንት ገደማው ተዋውለው የጸደቀውን ዋጋ እንደ ሙሉ ክፍያ ይቀበላሉ። ግን ይህን ቁጥር ለደንበኛ ነግረህ አትለፍ፤ የእሳቸው የልብ ሐኪም ከሁለቱ አንዱ ቢሆንስ? የሐኪሞቻቸውን ስም ተቀበልና እሳቸው ባሉበት ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገህ ደውል። ስልክ የምታነሳዋ ልጅ «ሜዲኬር ትቀበላላችሁ?» ስትባል ሁልጊዜ «አዎ» ነው የምትለው፤ ያልተዋዋለውም ሐኪም ሜዲኬር ይቀበላልና። የቢሊንግ ክፍሉን ጠይቅና «ዶክተሩ ፓርቲሲፔቲንግ ናቸው? ሁልጊዜ አሳይንመንት ይቀበላሉ?» በል፤ ተዋውለዋል ወይ፣ የጸደቀውንም ዋጋ እንደ ሙሉ ክፍያ ይቀበላሉ ወይ ማለት ነው። መልሱን ከነቀኑ ጽፈህ ፋይላቸው ውስጥ አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ እናቴ ሚኒሶታ ናት፤ እኔ ቨርጂኒያ። ሕጉ ይለያያል?

መልስ፦ ይለያያል። ሚኒሶታ፣ ኦሃዮ፣ ፔንሲልቫኒያና ማሳቹሴትስ ይህን ጭማሪ ከሚከለክሉት ስቴቶች ናቸው፤ ኒውዮርክ ለአብዛኛው አገልግሎት ወደ 5 በመቶ ዝቅ አድርጎታል። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ እንዲህ ያለ ክልከላ የላቸውም። ወሳኙ ሕክምናው የተሰጠበት ስቴት ነው፤ እናትሽ አንቺ ዘንድ ከርመው ቢታከሙ የሚሠራው የቨርጂኒያው ነው። ደግሞ ሚኒሶታ የራሷ የሜዲጋፕ አደረጃጀት ስላላት «ጂ» እና «ኤን» እያልሽ ብትፈልጊ እዚያ በዚያው መልክ አታገኚውም።

ጥያቄ፦ ፕላን ጂ አለኝ። የአእምሮ ሐኪሜ ግን «ሙሉውን ከኪስህ ክፈል» አለኝ። ጂ ኤክሰስ ቻርጅ ይሸፍናል ተብዬ አልነበር?

መልስ፦ ይሸፍናል፤ የርስዎ ግን ኤክሰስ ቻርጅ አይደለም። ሐኪምዎ ከሜዲኬር ጭራሽ የወጡ ሳይሆኑ አይቀርም። እንዲህ ያለ ሐኪም የግል ውል ያስፈርማል፣ ዋጋውንም ራሱ ይተምናል፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሜዲኬር ሳንቲም አይከፍልም፤ ሜዲኬር ካልከፈለ ደግሞ ሜዲጋፑም አይከፍልም። በተለይ በአእምሮ ሐኪሞች ዘንድ የተለመደ ነው። ያስፈረሙዎት ወረቀት ካለ አውጥተው ይዩት። ለኤጀንቶች፦ «ጂ ሁሉንም ይሸፍናል» የምትሉትን ነገር ተዉት።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጂ ይሻላል ኤን?

መልስ፦ የወር ክፍያቸውን ልዩነት እይ። ጂ በወር 35 ዶላር ቢበልጥ በዓመት 420 ነው፤ ከላይ ባየነው 28 ከ50 ስታካፍለው ወደ 15 ቀጠሮ ይሆናል፣ ያውም ሁሉም ካልተዋዋለ ሐኪም ጋር። እኔ ብሆን ኤክሰስ ቻርጅን ብቻ ፈርቼ ጂ አልገዛም። የኤን ኮፔይ ግን ይቆጠር፤ በየወሩ ሁለት ሦስት ሐኪም የሚያዩ ሰው ሒሳባቸው ሌላ ነው።

ኤጀንቱ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ሌላ ነገር አለ። 65 ሞልቶ ፓርት ቢ ከጀመረ በኋላ ባሉት 6 ወራት ኩባንያው ስለ ጤና ሳይጠይቅ የመሸጥ ግዴታ አለበት። ያ ጊዜ ካለፈ በአብዛኛው ስቴት መጠየቅም መከልከልም ይችላል። «አሁን ኤን ልግባ፣ ስታመም ወደ ጂ እዛወራለሁ» የሚለው እቅድ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሒሳቡን አስረድተሃቸውም እንቅልፍ የሚያጡ ከሆነ፣ ጂን ይግዙ፤ ገንዘቡ የራሳቸው ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ላይ ከፍ ያለ ቢል መጣ። ይከፈል?

መልስ፦ ከሜዲኬር የሚላከውን የሒሳብ መግለጫ ጠብቂና አስተያይው። ሊጠየቁ የሚችሉት ከፍተኛ መጠን እዚያ ተጽፏል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ለ1-800-ሜዲኬር ደውይ፣ አስተርጓሚ ያቀርባሉ። አሳይንመንት ያልተቀበለ ሐኪም ሙሉውን በቅድሚያ ሊያስከፍል ይችላል። ያኔ የሜዲኬር ድርሻ በአባትሽ ስም በቼክ ይመጣል፤ ፖስታውን እንደ ማስታወቂያ ወረቀት እንዳይጥሉት። የ15 በመቶው ጣሪያ እንደ ዊልቸር ላሉ ዕቃዎች እንደማይሠራም እወቂ።

ጥያቄ፦ ክረምቱን አዲስ አበባ ልከርም ነው። እዚያስ?

መልስ፦ እዚያ ሜዲኬር ስለማይከፍል ኤክሰስ ቻርጅም የለም። ጂም ሆነ ኤን ግን በጉዞዎ የመጀመሪያ 60 ቀናት ለሚያጋጥም ድንገተኛ ሕመም፣ 250 ዶላር ከራስዎ ከከፈሉ በኋላ 80 በመቶውን ይሸፍናል፤ የዕድሜ ልክ ጣሪያው 50,000 ዶላር ነው። ከሆስፒታሉ ዝርዝር ደረሰኝ በእንግሊዝኛ ይቀበሉ።