ሊትሩን ሳይሆን መደርደሪያውን ለኩ፦ ስለ ትልቅ የቤተሰብ ፍሪጅ የተጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ዓምድ ለ27 ዓመታት ፍሪጅ፣ ምድጃና ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲጠግኑ የኖሩት ባለሙያችን የአንባቢያንን ጥያቄ ይመልሳሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከአዲስ አበባ፣ ከሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ዘጠኝ ሆነን እንኖራለን፤ እኔና ባለቤቴ፣ አምስት ልጆቻችን፣ አማቴና የባለቤቴ ወንድም። ባለ አንድ በሩ ፍሪጃችን 15 ዓመት አገልግሎን ደክሟል። ዕቁብ ስለ ወጣልኝ በገንዘቡ ትልቅ ፍሪጅ ልገዛ ነው። ሁለት አይተናል። አንደኛው እንደ ቁም ሣጥን መሃሉ ለሁለት የተከፈለ፣ በግራ ፍሪዘር በቀኝ ፍሪጅ የሆነ፣ ከ600 ሊትር በላይ የሚይዝ ነው፤ በሩ ላይ ስክሪንና የውሃና የበረዶ መቅጃ አለው። ሁለተኛው ላዩ ፍሪጅ፣ ታቹ ፍሪዘር ሆኖ ወርዱ 70 ሳንቲ ሜትር፣ የሚይዘው 450 ሊትር ገደማ ነው፤ ስክሪንም መቅጃም የለውም። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ወዶታል። ሻጩም «ለትልቅ ቤተሰብ የሚሆነው ይኼኛው ነው» ብሎናል። እርስዎ ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዕቁቡ ስለ ወጣልዎት ደስ ብሎኛል። ወደ ሱቁ ከመመለስዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ቤትዎ የሚጋገረውን እንጀራ ዳር እስከ ዳር ይለኩት። በአብዛኛው ቤት ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቁጥሩን በወረቀት ይጻፉና ሜትር ይዘው ይሂዱ፤ የሁለቱንም ፍሪጆች በር ከፍተው የውስጥ መደርደሪያቸውን ይለኩ።

መሃሉ የተከፈለው ፍሪጅ ከውጭ ሲያዩት ግርማ አለው፤ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የግድግዳዎቹ ውፍረትና የመሃሉ ክፍፍል ሲቀነስ ግን የፍሪጁ በኩል ወደ 45፣ የፍሪዘሩ በኩል ደግሞ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። እዚያ ውስጥ እንጀራ የሚገባው አራት ታጥፎ ነው፤ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ ለምሳ ሲወጣ ቁርጥራጭ ይሆናል። ትልቁ የዶሮ ወጥ ድስትም ጆሮው ከግድግዳው ጋር ይጋፋል። 70 ሳንቲ ሜትር የሆነው ፍሪጅ ግን ውስጡ ስላልተከፈለ መደርደሪያው ከ55 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሰጥዎታል። እንጀራው አንድ ጊዜ ብቻ ታጥፎ ይተኛል፣ ድስቱም አጠገቡ ይቀመጣል። ስለዚህ 600 ሊትር የተባለው ለእርስዎ ማዕድ ከ450ው ያነሰ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ።

አንድ ጊዜ «አዲሱ ፍሪጃችን ማቀዝቀዝ አቆመ» ተብዬ ተጠራሁ። መሃሉ የተከፈለ ዓይነት ነበር። በእንዲህ ዓይነቱ ፍሪጅ አብዛኛውን ጊዜ ቅዝቃዜው የሚመረተው በፍሪዘሩ በኩል ሆኖ በጀርባው ባለች ቀዳዳ በኩል ማራገቢያ ወደ ፍሪጁ ይገፋዋል። የቤቱ እመቤት እንጀራውን አራት እያጠፉ እስከ ጀርባው ድረስ ደርድረውት ኖሮ ቀዳዳዋ ሙሉ በሙሉ ተደፍናለች። እንጀራውን አውጥቼ በሩን ዘጋሁት። ማታ ሲደውሉልኝ ፍሪጁ እንደ ድሮው ይሠራ ነበር። ምንም ዕቃ አልቀየርኩም። ለዚያ ቤተሰብ የተሸጠለት ማዕዱን የማያውቅ ፍሪጅ ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ባለቤትዎ ሰፋ ያለውን ፍሪጅ ከልብ ከወደዱት ሦስተኛ ዓይነት መኖሩን ይንገሯቸው። ላዩ እንደ ቁም ሣጥን በሁለት በር የሚከፈት፣ ውስጡ ግን ያልተከፈለ፣ ታቹ መሳቢያ ፍሪዘር የሆነ አለ። መደርደሪያው ከዳር እስከ ዳር ስለሆነ እንጀራ አንድ ጊዜ ብቻ ታጥፎ በሰፊው ይተኛል። ዋጋው ወደድ ይላል። ደግሞም አራተኛ ፎቅ ላይ ነዎት፤ የደረጃውን መታጠፊያ፣ የመግቢያውን በርና የወጥ ቤቱን በር ሳይለኩ ቀብድ አይክፈሉ። የፍሪጁ በሮች በባለሙያ እጅ ይፈታሉ፣ ገላው ግን አይፈታም።

አሁን ሻጩ ያልነገረዎትን ልንገርዎት። በፍሪጁ ላይ ወይም በመመሪያው ውስጥ ፍሪዘሩ በ24 ሰዓት ስንት ኪሎ ትኩስ፣ ማለትም ገና ያልቀዘቀዘ ምግብ ማድረቅ (በረዶ ማድረግ) እንደሚችል ተጽፏል። ሊትሩ ስንት እንደሚያጭቅ ይናገራል፤ ይህ ቁጥር ደግሞ ስንቱን ሳይበላሽ እንደሚያደርቅልዎት። ለእኛ ዋናው ይኼ ነው። የፋሲካ ቅርጫ ሲታረድ የአንድ ቤት ድርሻ በአንድ ጠዋት ይመጣል። ቁጥሩ 10 ኪሎ የሆነ ፍሪዘር ውስጥ 25 ኪሎ ትኩስ ሥጋ በአንዴ ቢከተት፣ ሥጋው መሃል ለመሃል እስኪደርቅ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ቀድሞ የነበረውም ቂቤና በርበሬ ይሞቃል። ቁጥሩ ከፍ ያለውን ይምረጡ። ሥጋውንም ለአንድ ወጥ በሚበቃ መጠን ከፋፍለው፣ ከረጢቱን በእጅዎ ጠፍጥፈው ስስ አድርገው ያስገቡ። ፈጣን ማድረቂያ ቁልፍ ካለው ከቅርጫው በፊት ባለው ቀን ይጫኑት። ፍሪዘሩ ላይ አራት ኮከብ መኖሩንም ይዩ። ሦስቱ ኮከብ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መድረሱን ያሳያል፤ አራተኛው የተጨመረው ትኩስ ምግብ ማድረቅ ለሚችለው ብቻ ነው።

ከፋሲካው በፊት ደግሞ ሁዳዴ አለ። ሃምሳ አምስት ቀን ፍሪዘርዎ ባዶውን ይሠራል፣ ፍሪጅዎ ግን በጎመን፣ በካሮት፣ በምስር ወጥና በሱፍ ውሃ ጢም ይላል። በቅርብ ዓመታት ከወጡት ፍሪጆች አንዳንዶቹ የፍሪዘሩን ክፍል በአንድ ቁልፍ ወደ ፍሪጅነት ይለውጣሉ። ብዙ ሰው ይህን ቁልፍ ሳይነካው ዓመታት ያልፋሉ። ለጾመኛ ቤት ከዚህ የበለጠ የተመቸ ነገር አላየሁም፤ ስክሪን ከመጠየቅዎ በፊት ይህን ይጠይቁ። ለፋሲካ ቅርጫ ግን ሁለት ቀን ቀደም ብለው ወደ ፍሪዘርነቱ ይመልሱት።

ወደ ኤሌክትሪኩ ልምጣ። «ኢንቨርተር» የሚለውን ጽሑፍ አይተው ይሆናል። የድሮው ሞተር ወይ ሙሉ በሙሉ ይሠራል፣ ወይ ይቆማል፤ በተነሳ ቁጥርም ብዙ ኃይል በአንዴ ይስባል። ኢንቨርተር የተባለው ሞተር ግን ቀስ ብሎ ተነስቶ እንደ ሥራው ብዛት ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ይጨምራል። ድምፁ አነስተኛ ነው፣ ቆጣሪዎንም ያግዛል፤ በጄኔሬተር ለሚሠራም ይስማማል። እኔ ኢንቨርተር እንዲገዙ እመክራለሁ። ነገር ግን በሩ ላይ «10 ዓመት ዋስትና» የሚል ከተለጠፈ፣ ዋስትናው ለሞተሩ ብቻ ነው ወይስ ለኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውም ጭምር የሚለውን በጽሑፍ ያረጋግጡ። አብዛኛውን ጊዜ ለሞተሩ ብቻ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚቃጠለው ግን ሰሌዳው ነው።

ይህን የምናገረው በራሴ ቤት ስለ ደረሰ ነው። አዲስ ፍሪጅ ገዝቼ ስታቢላይዘሩን፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን መዋዠቅ የሚያስተካክለውን መሣሪያ፣ «በሚቀጥለው ደመወዝ» ብዬ አቆየሁት። የቅዳም ሹር ሌሊት መብራት ሄደ፤ ሲመለስ አምፖሎቹ ከልክ በላይ ደምቀው ታዩኝ። ሮጬ ሶኬቱን ብነቅልም ሰሌዳው ተቃጥሎ ነበር። ባለቤቴ ያዘጋጀችውን ሥጋ በሌሊት ለጎረቤት ፍሪጅ ስናከፋፍል አደርን። ስለዚህ የስታቢላይዘሩን ዋጋ ከዕቁቡ ላይ አስቀድመው ይቀንሱ። አቅሙ ለትልቅ ፍሪጅ የሚበቃ ይሁን፤ መብራት ሲመለስም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ ኃይል የሚለቅ ይሁን። ሞተሩ በቆመ ጊዜ በቱቦው ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት እንዲነሳ ከተገደደ ይታነቃል፣ ይግላል። መብራት በሄደበት ሰዓት በሩን አይክፈቱ፤ ፍሪጁ 4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ እስከ 48 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። በግማሽ የሞላ ከሆነ ወደ 24 ሰዓት ስለሚወርድ ባዶውን ቦታ የውሃ ጠርሙስ ይሙሉበት። ጠርሙሱ እንዳይፈነዳ ከአፉ ጎደል ይበል።

የውሃና የበረዶ መቅጃው ከቧንቧ ጋር የሚገናኝ ከሆነ የማያቋርጥ የውሃ ግፊት ይፈልጋል፤ ማጣሪያውም በስድስት ወር ገደማ ይቀየራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በሩ ላይ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ስለ ስክሪኑ የምለው የለኝም፤ ምግብ አያቀዘቅዝም።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ሁለተኛውን ገዝቼ፣ በቀረው ገንዘብ ጥሩ ስታቢላይዘር እጨምርበት ነበር።

ጥያቄ፦ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ ሪያድ ስድስት ዓመት ሠርቼ ወደ ሀገሬ ልመለስ ነው። ለእናቴ ከዚህ ትልቅ ፍሪጅ ገዝቼ በዕቃ መርከብ ልልክ አስቤያለሁ። ቮልቱ ተመሳሳይ ነው ብለውኛል። ችግር ይኖረዋል?

መልስ፦ ልጄ፣ ለእናትሽ ማሰብሽ ይባረክ። ቮልቱን ብቻ አይተሽ ግን አትግዢ። የሳዑዲ ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ኸርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚለካበት ነው። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ የድሮ ዓይነት ሞተር እዚህ ሲሰካ ፍጥነቱ ከስድስት አንድ እጅ ይቀንሳል፤ ከልኩ በላይ ይግላል። ለወራት ሊሠራ ይችላል፣ ከዚያ ግን ይቃጠላል። በፍሪጁ ውስጥ ወይም በጀርባው የተለጠፈውን የብረት ወይም የወረቀት ሰሌዳ አንብቢ፤ «50/60» ካለ ግዢ፣ «60» ብቻ ካለ ተዪው። እዚያው ሰሌዳ ላይ የጋዙ ዓይነት ይገኛል። አር 600 ኤ ከሆነ ተቀጣጣይ ጋዝ ነው፤ አንድ ቀን ጥገና ቢያስፈልገው ይህን ጋዝ የሚያውቅ ባለሙያ ብቻ እንዲነካው ለእናትሽ ንገሪያት።

ሲጓጓዝ ቆሞ ይጓዝ። ተኝቶ ከመጣ የሞተሩ ዘይት ወደ ቱቦው ስለሚሄድ፣ ቤት እንደ ገባ ቀጥ አድርጎ አቁሞ አንድ ቀን ሳይሰኩ ማቆየት ነው። ከቀረጡና ከመጫኛው ጋር ደምረሽ ስታሰዪው እዚሁ መግዛቱ ሊሻልሽ ይችላል፤ እዚሁ የተገዛ ፍሪጅ ዋስትናውም ለእናትሽ ቅርብ ነው።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ነው የምኖረው። በቅርቡ የገዛነው ትልቅ ፍሪጅ ግራና ቀኝ ጎኑ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል፤ ሞተሩም አይቆምም። ቁጥሩን ከ5 ወደ 1 ዝቅ ብናደርገው ጭራሽ ምግቡ ይበላሽ ጀመር። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከቁጥሩ ልጀምር። በሚዞረው መቆጣጠሪያ ላይ ያሉት ቁጥሮች ዲግሪ አይደሉም፤ የቅዝቃዜ ኃይል ናቸው። 1 ደካማው፣ 5 ብርቱው ነው። ወደ መካከሉ መልሰው፣ ውስጡ 4 ዲግሪ መድረሱን በትንሽ ቴርሞሜትር ይመልከቱ።

የጎኑ መጋል በራሱ ብልሽት አይደለም። ብዙዎቹ አዳዲስ ፍሪጆች ከምግቡ የወሰዱትን ሙቀት የሚያስወጡባቸው ቱቦዎች በጎን ግድግዳቸው ውስጥ ተቀብረዋል። ፍሪጁ በቁም ሣጥንና በግድግዳ መካከል ተጣብቆ ከሆነ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ተመልሶ ይገባል፣ ሞተሩም ዕረፍት ያጣል። በሁለቱም ጎንና በጀርባው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ለድሬዳዋ ሙቀት 10 ቢሆን ይመረጣል፣ ክፍት ቦታ ይተዉለት። ከዚያ በፍሪጁ ውስጥ ወይም በጀርባው በተለጠፈው የመረጃ ሰሌዳ ላይ ያለውን የአየር ንብረት ምልክት ያንብቡ። «ኤን» የሚል ፊደል ካለ ፍሪጁ የተሠራው እስከ 32 ዲግሪ ሙቀት ላለው ክፍል ነው፤ «ኤስ ቲ» እስከ 38፣ «ቲ» እስከ 43 ዲግሪ ይችላል። የእናንተ ወጥ ቤት በሞቃቱ ወራት ከሰዓት በኋላ ከ32 ማለፉ አይቀርም። ፊደሉ «ኤን» ከሆነና ደረሰኙ በእጅዎ ካለ፣ ዛሬውኑ ወደ ሻጩ ሄደው በ«ቲ» እንዲለውጥልዎት ይጠይቁ።