«በአራት ሰዓት እገባለሁ» ሲባል መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ዱባይ ላይ አውሮፕላን ሊሳፈር ሲል «በአራት ሰዓት አዲስ አበባ እገባለሁ» ብሎ ቴክስት አደረገልኝ። ሳየው ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ተሯሩጬ ቦሌ ሄድኩ፣ እሱ ግን የወጣው ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ለካ መንገዱ አራት ሰዓት ይፈጃል ማለቱ ኖሯል! የተሳሳትነው ማናችን ነን? ደሞ «የዱባይ ርቀት አራት ሰዓት ነው» ይላል፣ ርቀት በኪሎ ሜትር አይደል እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም፣ ጣጣው ያለው «ሰዓት» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። 60 ደቂቃ ሲሞላም ሰዓት ነው የምንለው፣ ቀጠሮ ስንይዝም ሰዓት፣ እንደውም እጅሽ ላይ ያሰርሽውም ራሱ ሰዓት ነው። «በአራት ደቂቃ እገባለሁ» ቢልሽ ግራ አይገባሽም ነበር፣ «በአራት ቀን» ቢልሽም እንደዛው፣ ምክንያቱም ቀን ሰኞ ማክሰኞ የሚባል የራሱ ስም አለው፣ ሰዓት ግን ያለው ቁጥር ብቻ ነው። «በ» ደሞ ሁለቱንም ትሸከማለች፦ «በአራት ሰዓት ተቀጣጠርን» ሲባል መቼ እንደሆነ ነው፣ «በአራት ሰዓት ጨረስኩት» ሲባል ግን ምን ያህል እንደፈጀ ነው። «እገባለሁ» ሲመጣ ከሁለቱም ጋ ስለሚሄድ አንባቢው የቀረበውን ይይዛል፣ አንቺም የያዝሽው እሱን ነው።

ብዙ ሰው «ከአራት ሰዓት በኋላ» ካለ የተገላገለ ይመስለዋል፣ ግን እሱም ያው ነው። «የአራት ሰዓት በረራ»ስ? አራት ሰዓት ላይ የሚነሳው ነው ወይስ አራት ሰዓት የሚፈጀው? እኔ የምመክረው ቀጠሮ ከሆነ «ላይ» በሉ፣ «ሰባት ሰዓት ላይ ቦሌ ነኝ»፣ የጉዞ ርዝመት ከሆነ ደሞ «ይፈጃል»ን አትተዉ። «ይወስዳል»ም ይባላል ስህተት አይደለም፣ ለጊዜ ግን ለኔ ጆሮ «ፈጀ» ይጥማል።

በተለይ የዱባይ መንገድ ጥንቃቄ ይፈልጋል ምክንያቱም ዱባይ ከኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ከዚያ ጠዋት 10:00 የተነሳ ሰው ትኬቱ ላይ መድረሻው 13:00 ተብሎ ይጻፋል፣ ቀንሰሽ ስታይው ሦስት ሰዓት የበረረ ይመስላል ግን የበረረው አራት ነው፣ ሲሄድ ደሞ በተቃራኒው አምስት ይመስላል። 13:00 የተባለውም በኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ነው፣ ወንድምሽም የወጣው ያኔ ነው።

ወደ ርቀቱ ስንመጣ፣ በቀጥታ ሲለካ ከአዲስ አበባ ዱባይ ወደ 2,500 ኪሎ ሜትር ነው፣ ርቀት ስትይ በጥብቁ ይሄ ነው። ግን መንገድን በጊዜ መለካት ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም፣ አባቶቻችን «የግማሽ ቀን መንገድ»፣ «የሦስት ቀን መንገድ» እያሉ ነው የኖሩት። ስለዚህ «ርቀቱ አራት ሰዓት ነው» ከምንል «በአውሮፕላን የአራት ሰዓት መንገድ ነው» ብንል አማርኛው ይቃናል፣ በምን እንደምንሄድ መናገሩን ግን አንርሳ፣ በእግር፣ በመኪና እና በአውሮፕላን አንድ አይደለማ። «የአራት ሰዓት መንገድ»ን ደሞ ማንም ከጠዋቱ አራት ሰዓት ብሎ አይተረጉመውም። ወንድምሽ «የአራት ሰዓት መንገድ ይቀረኛል» ብሎሽ ቢሆን ኖሮ ቡናሽን አፍልተሽ ሦስተኛውን ጠጥተሽ ነበር የምትሄጂው።