ናይትሬቱ 40 ላይ ለምን ቆመ?

ጅማ ስላለው የጨው ውሃ ገንዳህ፣ ዓሣና ኮራል (ድንጋይ የሚመስል የባሕር እንስሳ) ስለምታኖርበት ነው የጠየቅከኝ። ናይትሬት ከምግብ ትራፊና ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣ፣ አልጌን የሚያፋፋ ነገር ነው። መጀመሪያ የምትጨምረውን ውሃ ለካው። በየሳምንቱ እየቀየርክ ናይትሬቱ ከ40 ፒፒኤም (በሊትር 40 ሚሊግራም ገደማ) አልወርድ ካለህ፣ ድንጋዩንም አልጌ ከሸፈነው፣ የቧንቧ ውሃህን እጠረጥራለሁ። ጨው ሳትጨምርበት ለካው። ናይትሬት ወይም ፎስፌት (እሱም አልጌን ያፋፋል) ካሳየ፣ ቆሻሻ ደፍተህ ቆሻሻ ነው የምትጨምረው። በአርኦ (ውሃን በግፊት በስስ ወንፊት በሚያሳልፍ ማጣሪያ) የተጣራ ውሃ ፈልግ።

ጅማ ዝናብ ሞልቷል ብለህ ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያ ውሃ እንዳትሞክር። ዚንኩ ለኮራልም ለቀንድ አውጣም መርዝ ነው።

ውሃው ንጹህ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ ምግቡ ነው። ግማሹን ቀንስ። በረዶ የሆነ ምግብ ከሆነ አቅልጠህ ውሃውን ድፋውና ምግቡን ብቻ ስጥ። ዓሣ ሁልጊዜ የራበው ይመስላል፤ አትመነው።

ከገንዳው ሥር ትርፍ ክፍል ካለህ ኬቶሞርፋ የሚባለውን የባሕር አልጌ በመብራት አሳድግበት። ሲበዛ ቆርጠህ ስትጥለው የጠጣው ናይትሬትና ፎስፌት አብሮት ይወጣል። ለእኔ ከሁሉም በላይ የሠራልኝ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ዜሮ ለማድረስ አትሩጥ። ኮራሉም ከዚያው ነው የሚመገበው። ናይትሬት ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌት 0.05 አካባቢ ቢሆን በቂ ነው። እኔ ተቻኩዬ የፎስፌት መምጠጫውን ሙሉ መጠን በአንዴ ከተትኩት። ሳምንት ሳይሞላ ሁለት ኮራል ነጣብኝ፤ አንዱ አልተመለሰም። አሁን በሩብ መጠን ጀምሬ፣ በየሁለት ቀኑ እየለካሁ ነው የምጨምረው።