ከአሜሪካ የተላከልህን ፕሌይስቴሽን ሶኬት ላይ ከመሰካትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። አክስትህ ከአሜሪካ ወፍራሙን ፕሌይስቴሽን 2 እና ሴጋ ጄነሲስ ከነካሴቶቹ ልካልሃለች። ቤት ውስጥ በልጅነትህ የተጫወትክበት ቲቪ ጌም አለ። ሌላ ያለህ አንድ ስማርት ቲቪና ያረጀ ኮር አይ3 ላፕቶፕ ነው። «አዳማ ላይ ሆኜ ይህን ሁሉ እንዴት ላስነሳው? መጀመሪያ ምን ልግዛ? ወይስ ዕቃውን ሸጬ በኢሙሌተር ብቻ ልጫወት?» ነው ያልከው። ኢሙሌተር የኮንሶሉን (የጌም ማጫወቻውን) ጌም ኮምፒውተር ላይ የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው። ብዙዎች «ሽጠው» ብለውሃል። እኔ አትሽጥ ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እነግርሃለሁ።

አሁን ግን አደራ፣ እስካሁን ካልሰካኸው እንዳትሰካው።

የኛ መብራት 220 ቮልት ነው። የአሜሪካው 120 ነው። የወፍራሙ ፕሌይስቴሽን 2 ፓወር ሰፕላይ (መብራቱን ለኮንሶሉ የሚያመቻችለት ክፍል) ያለው እዚያው ውስጡ ነው። ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ፣ ሱቅ ውስጥ በትንሽ ብር የሚሸጠው የሶኬት መቀየሪያ አያድነውም። እሱ የሚቀይረው የመሰኪያውን ቅርጽ ነው፣ ቮልቱን አይነካውም። ሰው ተቃጠለ ብሎ ከሚያመጣልኝ ኮንሶል ብዙው የሄደው በዚህ መንገድ ነው። ሃያ ዓመት በሰላም የኖረ ዕቃ አንዲት ሰከንድ አይቆይም። ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ማዳን በጣም ቀላል ነበር።

የሚያስፈልግህ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው። ፕሌይስቴሽን 2 ከ100 ዋት በታች ነው የሚወስደው። አንተ ግን 200 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሚችል ግዛ፣ ትንሹ ቶሎ ይግላል። አንድ ነገር ልብ በል። ለፀጉር ማድረቂያና ለካውያ ተብሎ የሚሸጥ በጣም ቀላል መቀየሪያ አለ። እሱ ለኤሌክትሮኒክስ አይሆንም። እውነተኛው ትራንስፎርመር ውስጡ ብረትና መዳብ ስለሆነ ስታነሳው ይከብድሃል። ከገዛኸው በኋላ ቴክኒሻን ጋ ወስደህ መውጫውን በመልቲሜትር አስለካው። ኮንሶሉን የምትሰካው ከዚያ በኋላ ነው።

ሴጋው ቀለል ይላል፣ አዳፕተሩ ውጭ ነውና። የአሜሪካውን አዳፕተር መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠውና እዚህ 220 የሚቀበል ግዛ። ግን ቮልቱ ስለገጠመ ብቻ እንዳትሰካ። የመጀመሪያው ጄነሲስ ትልቁ ነው፣ ፊቱ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳና የድምፅ ማንሸራተቻ አለው። የሚፈልገው 9 ቮልት፣ 1.2 አምፒር ሲሆን የመሰኪያው መሃል ኔጌቲቭ መሆን አለበት። ሁለተኛው ጄነሲስ አነስ ያለው ነው። እሱ 10 ቮልት ይፈልጋል፣ መሃሉም ፖዘቲቭ ነው። ገበያ ላይ የምታገኛቸው አዳፕተሮች፣ የዋይፋይ ራውተሩ ጭምር፣ አብዛኞቹ መሃላቸው ፖዘቲቭ ነው። አዳፕተሩ ላይ ክብ ስዕል ከመደመርና መቀነስ ምልክት ጋር አለ። እሱን ኮንሶሉ ላይ ካለው ጋር አስተያየው። ቲቪ ጌሙንም እንደዚሁ።

ሌላው የመብራቱ ሄድ መለስ ነው። ሲጠፋ ብዙም አይጎዳም፣ ሲመጣ ነው ችግሩ። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን ከግድግዳ ንቀል። መብራቱ ተመልሶ ትንሽ ሲረጋጋ መልሰህ ሰካ። ለፍሪጅ የሚሸጠው ዘግይቶ የሚያበራ መከላከያ እዚህም ይሠራል፣ ዋጋውም ከኮንሶሉ ጋር አይወዳደርም። ሜሞሪ ካርድ ላይ ሴቭ እያደረግክ መብራት ከሄደ ካርዱ ላይ ያለው ሁሉ ሊበላሽ ይችላል። አቅሙ ካለህ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ዕቃ) የሚጠቅምህ ለዚህ ነው።

ከመብራቱ ቀጥሎ ምስሉ ነው። እነዚህ ኮንሶሎች ከዲሽ ሪሲቨር የምናውቀውን ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ ይጠቀማሉ። ስማርት ቲቪህ ጀርባ ላይ ቢጫ ቀዳዳ አጣሁ ብለህ ተስፋ አትቁረጥ። በብዙ ቲቪዎች ቢጫው የሚሰካው አረንጓዴው ቀዳዳ ላይ ነው፣ አጠገቡ ኤቪ ወይም ቪዲዮ የሚል ጽሑፍ ታገኛለህ። ሌሎቹ ላይ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሚመስል አንድ ኤቪ መግቢያ አለ። ለእሱ ሦስቱን ቀለም ወደ አንድ የሚያመጣ አጭር ገመድ ትፈልጋለህ። አንዱም ከሌለ ብቻ ኤቪን ወደ ኤችዲኤምአይ የምትቀይረውን ትንሽ ሳጥን ግዛ። ሱቅ ውስጥ ኤችዲኤምአይን ወደ ኤቪ የሚመልስ፣ መልኩ ያው የሆነ ሌላ ሳጥን ስላለ ጽሑፉን አንብበህ ውሰድ። ተቃራኒውን ይዘህ ከመጣህ ምንም አታይም።

ለፕሌይስቴሽን 2 ቲቪህ የሚቀበል ከሆነ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ያለውን የኮምፖነንት ገመድ ፈልግ። ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው። የቲቪውን ጌም ሞድ አብራ፣ ያለዚያ በተኑን ተጭነህ ኳሷ ዘግይታ ነው የምትሄደው። ምስሉንም 4፡3 ላይ አድርገው፣ ሰዎቹ እንዳይወፍሩ።

አንጀትህን የሚያርሰው ግን የድሮው ባለ ትልቅ ጀርባ ቲቪ ነው። ሴጋና ቲቪ ጌም የተሠሩት ለእሱ ነው። ብዙ ፍላት ቲቪ የነሱን ምስል በትክክል አያነበውም። ለምሳሌ የተመታ ሰውዬ ብልጭ ድርግም ማለት ሲገባው ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። ድሮ ቲቪ ላይ መዘግየት የሚባል ነገር የለም። ሰው ደግሞ ይህን ቲቪ ለቆራሌ እየሸጠው ነው። ጎረቤት ጠይቅ፣ አመዴ ገበያ አካባቢ ያሉ ጠጋኞችን ጠይቅ። ስታገኝ የአሜሪካውን ኮንሶል ይዘህ ሄደህ ሞክረው። የአሜሪካው ሲስተም ኤንቲኤስሲ ነው፣ የኛ ፓል ነው። ፓል ብቻ የሚያውቅ ቲቪ ምስሉን ጥቁርና ነጭ አድርጎ ያሳይሃል፣ ወይም ያንከባልለዋል። ሜኑው ላይ የከለር ሲስተም ምርጫ ካለውና ኤንቲኤስሲ ከተጻፈበት ውሰደው። ብቻ ራስህ እንዳትከፍተው። ውስጡ ከ20,000 ቮልት በላይ ይኖራል፣ ከሶኬት ተነቅሎም ሊይዝህ ይችላል።

አሁን ወደ ዲስኩ እንምጣ። ያንተ ፕሌይስቴሽን ችፕ (ኮፒ ዲስክ እንዲያነብ ውስጡ የሚበየድ ትንሽ ዕቃ) ካልገባለት እዚህ አገር የምታገኘውን ኮፒ ዲስክ አያነብም። ኦርጅናል የአውሮፓ ዲስክም አይቀበልም፣ የአሜሪካ ነውና። ይህን ስታይ «ሌንሱ ሞቷል» ብሎ የሚከፍትልህ ሰው አይጠፋም። አታስከፍተው። መጀመሪያ አክስትህ የላከችው ኦርጅናል ዲስክ ካለ በሱ ፈትነው።

ችፕ ማስበየድ አሁን አያስፈልግም። ፍሪ ኤምሲቡት የሚባል ፕሮግራም ሜሞሪ ካርድ ላይ ይጫናል፣ ኮንሶሉ ሲነሳ እሱ ይቀድማል። ከመጨረሻዎቹ ቀጫጭን ሞዴሎች በስተቀር በሁሉም ይሠራል ማለት ይቻላል። ወፍራሙ ላይ ሥጋት የለብህም። ችፕ ያለው ፕሌይስቴሽን 2 ያለው ሰው ካገኘህ እሱ ጋ ሄደህ ካርድህ ላይ ትጭነዋለህ። የድሮ ጌም ቤት የነበራቸውን ጠይቅ፣ ፍራንኮና ፖስታ ቤት አካባቢ መጠየቅ ለመጀመር ጥሩ ነው። ካርዱ 8 ሜጋባይት ኦርጅናል ቢሆን ይመረጣል። 64 እና 128 የሚሉት ርካሾቹ ሴቭ ይበላሉ።

ከዚያ ኦፒኤል በሚባለው ፕሮግራም ጌሞቹን ያለ ዲስክ ትጭናለህ። በፍላሽ ይቻላል፣ ግን የኮንሶሉ ዩኤስቢ የድሮው 1.1 ስለሆነ በሰከንድ 1 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ጌሙ ራሱ ብዙ ጊዜ ይሄዳል፣ መሃል ላይ የሚገቡት ቪዲዮዎች ግን ይንገጫገጫሉ። የወፍራሙ ትልቅ ጥቅም እዚህ ጋ ነው። ከኋላው ኔትወርክ አዳፕተር የሚገባበት ቦታ አለው፣ በሱም ሃርድ ዲስክ ትሰካለህ። ያኔ ሌንሱ ያርፋል፣ ዲስክም አይጫርም። አክስትህ ተመልሳ ዕቃ የምትልክ ከሆነ ሌላ ኮንሶል አትጠይቃት፣ ይህን አዳፕተር ጠይቃት።

ሁሉንም ዲስክህን አሁኑኑ ላፕቶፑ ላይ ገልብጥ። ዲስክ ከጊዜ ጋር ይበላሻል፣ ኮፒው ደግሞ ይብሳል። ኢምጅበርን የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይሠራዋል፣ ዲቪዲውን አይኤስኦ የሚባል አንድ ፋይል አድርጎ ያወጣልሃል። ስለ ሕጉ ለጠየቅከኝ፣ ኢሙሌተር ራሱ ሕጋዊ ሶፍትዌር ነው። ጌሙ ግን ባለቤት አለው። በአገራችንም የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠበቃል። ከራስህ ዲስክ መገልበጡን የምመክርህ አንድም ለዚህ ነው።

ቲቪ ጌሙና የሴጋው ካሴቶች ብዙ አያስቸግሩህም። ካሴቱ ካልነሳ በአፍህ አትንፋበት፣ እርጥበቱ ብረቱን ያዝገዋል። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ አልኮል ነክረህ ጥርሶቹን ጥረግ፣ እስኪደርቅ ጠብቅ፣ መልሰህ ክተት። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ማሪዮ፣ ኮንትራና ታንክ ሲነሱ እኔንም አስታውሰኝ።

ወደ ኢሙሌተር ልምጣ። ኮር አይ3 ላፕቶፕህ ቲቪ ጌም፣ ሴጋ፣ ሱፐር ኒንቴንዶ፣ ጌምቦይና ፕሌይስቴሽን 1 ያለ ጭንቀት ያጫውትሃል። ሬትሮአርች የሚባለው ፕሮግራም አንዱ ብቻውን እነዚህን ሁሉ ይይዛል። ለፕሌይስቴሽን 1 ዳክስቴሽን የሚባለው ኢሙሌተር ይሻላል፣ ግን የኮንሶሉን ባዮስ (ኮንሶሉን የሚያስነሳውን የራሱን ፕሮግራም) ፋይል ይፈልጋል። ዋይፋይ ስታገኝ ሁሉንም አንዴ አውርደህ ጨርስ፣ ከዚያ ኢንተርኔት አያስፈልግህም። ፕሌይስቴሽን 2ን ፒሲኤስኤክስ2 በሚባለው ኢሙሌተር ለማጫወት ግን ያ ላፕቶፕ አይችልም። ይጎተታል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። «ሽጠውና በኢሙሌተር ተጫወት» ያሉህ ሰዎች ይህን አልነገሩህም። ኮንሶሉን ሸጠህ በምታገኘው ብር እሱን የሚሸከም ኮምፒውተር አትገዛም።

ሴቭን በተመለከተ፣ ኢሙሌተሩ በራሱ የሚሠራውን ፈጣን ሴቭ ብቻ አትመን። ፕሮግራሙን አፕዴት ስታደርግ ላይከፈት ይችላል። ጌሙ ውስጥ ባለው ሴቭ ተጠቀም፣ ፋይሉንም ሌላ ፍላሽ ላይ ገልብጥ።

10,000 ጌም አለው ተብሎ ስለሚሸጠው፣ ቲቪ ላይ ስለሚሰካው ስቲክም ጠይቀሃል። ለልጆች መዝናኛ ይሆናል። ለስብስብ ግን አልመክርህም። ብዙው ጌም ድግግሞሽ ነው፣ አብሮት የሚመጣው ሚሞሪ ደግሞ ቶሎ ይሞታል። ገዝተኸው ከሆነ ዛሬውኑ ሚሞሪውን ሙሉ ለሙሉ ኮምፒውተር ላይ ገልብጥ። ፍላሽና ሚሞሪ ስትገዛም ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባለው ፕሮግራም ፈትነው። 128 ጊጋ ተጽፎበት 8 ብቻ የሚይዝ ብዙ ነው።

አቧራውን አትርሳ። አዳማ ነህ፣ ነፋሱን ታውቀዋለህ። ኮንሶሉን ምንጣፍ ላይ አታስቀምጥ፣ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አድርገው። እየሠራ ሳለ በጨርቅ አትሸፍነው። አጥፍተኸው ሲበርድ ነው የሚሸፈነው፣ በጨርቅ እንጂ በላስቲክ አይደለም። ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ማራገቢያው ከጮኸ አሳርፈው።

ለምን አትሽጥ እንዳልኩህ አሁን ልናገር። ፕሌይስቴሽን 2 በፈረንጆቹ 2000 ወጣ፣ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፣ ከ2013 ወዲህ ግን አይመረትም። አሁን ያለው ያው ያለው ነው። ከኛ አገር ውስጥ ካሉትም በየጊዜው በ220 ቮልት እየተቃጠለ፣ ለቆራሌ እየተሰጠ እየቀነሰ ነው። ላፕቶፑ ላይ ብቻህን ትጫወታለህ። ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ቲቪና «ቀጥሎ እኔ ነኝ» የሚል ሰው ያለበት ቤት ግን ሌላ ነገር ነው። እኛ ጌም የለመድነው እንደዚያ ነው። እኔ ዛሬም የሰፈር ልጆች ሲመጡ የማበራው ኮንሶሉን ነው። ኢሙሌተሩ ደግሞ ዲስኩና ካሴቱ ሲያልቅ ጌሙ እንዳይጠፋ ይጠብቅልሃል። ሁለቱም ይኑሩህ።

ስለዚህ ብርህን መጀመሪያ ትራንስፎርመሩና የሴጋው አዳፕተር ላይ አውል። ቀጥሎ መከላከያው፣ ከዚያ ገመዱ። ኔትወርክ አዳፕተሩና ሃርድ ዲስኩ ቆይተው ይደርሳሉ።

አሁን የኮንሶሉን ጀርባ፣ የሴጋውን የአዳፕተር ቀዳዳ አጠገብ ያለውን ጽሑፍና የቲቪህን የኋላ ቀዳዳዎች ፎቶ አንስተህ እዚሁ ላክልን። የሲሪያል ቁጥሩን ሸፍነው። የትኛው ገመድና የትኛው አዳፕተር እንደሚሆንህ አይተን እንነግርሃለን።