የተከፈለ ዕዳ ክሬዲት ሪፖርት ላይ «አልተከፈለም» ካለ

እህቴ፣ የከፈልሽው የስልክ ዕዳ ኢኩፋክስ እና ትራንስዩኒየን ላይ (የሰውን የብድር ታሪክ ከሚይዙት ሦስት የአሜሪካ ክሬዲት ቢሮዎች ሁለቱ ናቸው) እንዳልተከፈለ ከታየ ለሁለቱም ለየብቻ ዲስፒዩት፣ ማለትም ስህተቱ እንዲታረም የሚጠይቅ አቤቱታ፣ አስገቢ። ለአንዱ የጻፍሽው ለሌላው አይቆጠርም።

1. ከአኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም የሦስቱንም ቢሮዎች ሪፖርት አውርጂ፤ በየሳምንቱ በነፃ ይሰጣል። ሦስተኛውን ቢሮ ኤክስፒሪያንንም እዪው።
2. ስህተቱ የተከበበበት ገጽ፣ የከፈልሽበት ደረሰኝ ወይም የባንክ ስቴትመንት እና የመታወቂያ ኮፒ ከአጭር ደብዳቤ ጋር በሰርቲፋይድ ሜይል (መላኩ በሚመዘገብ ፖስታ) ላኪ። ዋናውን ሰነድ ግን እንዳትልኪ።
3. ያንኑ ኮፒ የስልክ ዕዳሽን ይሰበስብ ለነበረው ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅትም ላኪ፤ መረጃውን ለቢሮዎቹ የሚልከው እሱ ስለሆነ ካላረመው ስህተቱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ቢሮዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ መመርመር አለባቸው። ዲስፒዩቱን ያስገባሽው ነፃውን ዓመታዊ ሪፖርት ካገኘሽ በኋላ ከሆነ ወይም መሃል ላይ ተጨማሪ ማስረጃ ከላክሽ ግን እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ ማስረጃውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ላኪ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ዲስፒዩቱ ሳይዘጋ የቤት ብድር አታመልክቺ። ሂሳቡ ላይ «ክርክር ላይ ያለ» የሚል ምልክት ካለ አበዳሪው ፋይልሽን ሊያቆመው ይችላል። ስህተቱ ከታረመ በኋላም ምልክቱ ሊቀር ስለሚችል ሪፖርቱን እንደገና አውርደሽ አረጋግጪ፤ ካልተነሳ እንዲያነሱት ጠይቂ።

ጊዜ ካጠረሽ የብድር ኦፊሰርሽን ራፒድ ሪስኮር (የታረመው መረጃ ቶሎ ገብቶ የክሬዲት ነጥብሽ እንደገና እንዲሰላ ማድረግ) እንዲያስደርግልሽ ጠይቂው። በራስሽ ማዘዝ አይቻልም፤ ዕዳው መዘጋቱን የሚገልጽ ከሰብሳቢው የተጻፈ ደብዳቤ አዘጋጂ።